ይቅርታው የማን ነው?

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል በመማሪያው መጽሐፍ ምዕራፎች ሥር በቀላሉ የማይገኙ አሉ። ስለ ቅድስት ሥላሴ የተጠየቀ መምህር መልሱን ከየት እንደሚያወጣ ያውቃል፤ ከትምህርቱ በኋላ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ጉዳይ ሌላ ነው። ከእነዚህም አንዱ ስለ ስፖርት የሚነሣው ነው። በተከለከለ መድኃኒት ተረድቶ ያሸነፈና ኋላ የተያዘ ሯጭ ወይም ብስክሌተኛ ይቅር ሊባል ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ ይቅር የሚለው ማን ነው?

ነገሩን ከሩቅ ሲያዩት የጨዋታ ወሬ ይመስላል። በላፍቶ ለሚኖር ሰው ግን እንዲያ አይደለም። ወደ ለቡና ወደ ጀሞ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጎሕ ሳይቀድ ለሚሮጡት ልጆች ሩጫው እንጀራቸው ነው፤ በገጠር ትተዋቸው ለመጡት ወላጆቻቸውም ተስፋ ነው። ተመልካቹም ቢሆን ተራ ተመልካች አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ በቴሌቪዥን ፊት ቆሞ ያለቀሰ፣ ልጁን በሯጭ ስም የሰየመ ሕዝብ ነው። ስለዚህ አንድ አትሌት ማታለሉ በተሰማ ጊዜ በየቤቱ የሚነሣው ቁጣ የውሸት ቁጣ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የወደድነውም ይህንኑ ቁጣና ከቁጣው በኋላ ሊመጣ የሚገባውን ነገር ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ አስቀድመን ድርጊቱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኩላሊታችን በተፈጥሮው የሚያመነጨው፣ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ የሚያደርግ ኤሪትሮፖየቲን የተባለ ሆርሞን አለ፤ በአጭሩ ኢፒኦ ይሉታል። ለኩላሊት ሕመምተኞች ተብሎ በፋብሪካ የተሠራው ይኸው ሆርሞን ወደ ጤነኛ ሰው ሰውነት ሲገባ ደሙ ከወትሮው የበለጠ ኦክሲጅን እንዲሸከም ያደርጋል፤ ያን ጊዜ እግር ቶሎ አይዝልም። ደሙ ስለሚወፍር ግን ልብን ለአደጋ ያጋልጣል። ሌሎችም አሉ፤ እንደ ስታኖዞሎል ያሉት ጡንቻን የሚያጎለብቱ ናቸው። በአገራችን ሁሉንም በአንድ ላይ አበረታች ቅመም ብለን እንጠራቸዋለን። ቅመም የሚለው ስም ለእንዲህ ያለ ነገር እጅግ የዋህ ሆኖ ይታየናል፤ የተለመደ በመሆኑ ግን እንጠቀምበታለን።

ይህ ክፉ ልማድ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በብስክሌት ስፖርት ነው። በ1998 የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የፌስቲና ቡድን ሠራተኛ በመኪናው የተከለከሉ መድኃኒቶችን ጭኖ በፈረንሳይና በቤልጅየም ድንበር ተያዘ። ከዚያ በኋላ ከ1999 እስከ 2005 ድረስ ለ7 ዓመታት በተከታታይ ያሸነፈው አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ፣ ካንሰርን ድል አድርጎ የተመለሰ ጀግና ተብሎ በዓለም ሁሉ ተወደሰ። በ2012 ድሎቹ ሁሉ ተሰረዙበት፤ በጥር 2013 በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥፋቱን አመነ። የእነዚያ 7 ዓመታት የአሸናፊ ስፍራ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ከእርሱ በኋላ ከገቡት ብዙዎቹ በዚያው ነገር የተነካኩ ስለ ነበሩ አክሊሉን አንሥቶ የሚደፋለት ሰው ለማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

አገራችን ከብስክሌት ጋር የቆየ ዝምድና አላት። በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካለች፤ በ2016 ደግሞ የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይሁን እንጂ አርምስትሮንግን ያነሣነው ስለ ብስክሌቱ አይደለም። የዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ልዩ ልዩ በደሎችን ለይተን እንድናይ ስለሚረዳን ነው። አንደኛው መድኃኒቱን መውሰዱ ነው። ሁለተኛውና በእኛ አስተያየት የከፋው፣ እውነቱን የተናገሩትን ማሳደዱ ነው። የቡድኑ ወጌሻ የነበረችው ኤማ ኦራይሊ ያየችውን በመናገሯ በአደባባይ ስሟን አጎደፈው። በ2004ቱ ውድድር ፊሊፖ ሲሜኦኒ የተባለ ጣሊያናዊ ከፊት ወዳሉት ለመድረስ ሲፈተለክ፣ ራሱ መሪው አርምስትሮንግ ከኋላ ተከትሎ አስቀረው፤ ምክንያቱም ሲሜኦኒ ስለ አንድ ሐኪም በፍርድ ቤት መስክሮ ስለ ነበር ነው። በ2013 አርምስትሮንግ ወደ እነዚህ ሰዎች ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ኦራይሊ ይቅር አለችው፤ በ2014 ባሳተመችው መጽሐፍም መቅድሙን እንዲጽፍ እስከ መፍቀድ ደረሰች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ኦራይሊ ይቅር ያለችው የራሷን ነው። ሲሜኦኒ የተወሰደበትን ዕድል ወክላ ይቅር ልትል አትችልም ነበር፤ በየአገሩ ገንዘቡንና እንባውን የሰጠውን ተመልካች ወክላም እንዲሁ። ይቅርታ ባለቤት አለው።

ይህ እውነት የበለጠ ግልጽ የሚሆንልን ወደ ቤታችን ስንመለስ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ከሁለቱም ወገን የቆምን ሕዝብ ነን፤ ተበድለናል፣ በድለናልም።

በደረሰብን በደል እንጀምር። በ2010 በለንደን ማራቶን 3ኛ ተብላ የነበረችው አሰለፈች መርጊያ፣ ከፊቷ የገቡት ሁለቱ ሩሲያውያን በመሰረዛቸው አሸናፊነቱ ከዓመታት በኋላ ተሰጣት። በቺካጎም እንዲሁ የ2010ሩ ድል ለአጸደ ባይሳ፣ የ2011ዱ ለእጅጋየሁ ዲባባ፣ የ2014ቱ ለማሬ ዲባባ የተላለፈው ከፊታቸው የነበሩት ከተሰረዙ በኋላ ነው። እነዚህ እህቶቻችን የማጠናቀቂያውን መስመር ሲያልፉ ክሩን የበጠሰው ሌላ ሰው ነበር፤ መዝሙር የተዘመረው፣ አበባ የተሰጠው ለሌላ ሰው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ደብዳቤ መጣ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የብዙነሽ ዴባ ታሪክ ነው። ብዙነሽ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ማራቶን ሯጭ ናት። ሚያዝያ 21 ቀን 2014 በቦስተን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብታ 2ኛ ሆነች። ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሪታ ጄፕቱ በዚያው ዓመት በመስከረም በተደረገላት ምርመራ ኢፒኦ ተገኘባት፤ ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ደርሶ በጥቅምት 2016 ቅጣቷ ወደ 4 ዓመት ከፍ ሲል የቦስተን ውጤቷም ተሰረዘ። ብዙነሽ አሸናፊ ተባለች፤ ሰዓቷም የውድድሩ የሴቶች ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበና እስከ 2025 ድረስ ቆየ። ገንዘቡ ግን አልመጣም። የ1ኛው ሽልማት 150 ሺህ ዶላር፣ የ2ኛው 75 ሺህ ዶላር ነበር፤ ክብረ ወሰን ለሰበረ ደግሞ 25 ሺህ ይጨመራል። ልዩነቱ 100 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። አዘጋጆቹ ገንዘቡን ከጄፕቱ ካላስመለሱ በቀር ለመክፈል አልፈቀዱም። ዓመታት አለፉ። በ2024 ታሪኩን በጋዜጣ ያነበበ በፊላደልፊያ አካባቢ የሚኖር አንድ ነጋዴ፣ ከእርሷ ጋር አንዳች ዝምድና ሳይኖረው፣ 75 ሺህ ዶላር ከገዛ ኪሱ ላከላት።

ይህን ታሪክ እንዲህ አስረዝመን ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ይቅርታ የሚነገረው ብዙ ነገር እንዲህ ባለ ሰው ፊት ሲቀርብ ጸንቶ መቆም አለበትና ነው። በአዲስ አበባ ቤቱ ተቀምጦ በቡና ላይ «እኔስ ይቅር ብያታለሁ» የሚል ተመልካች፣ የብዙነሽን 10 ዓመት ከየትኛው ካዝና አውጥቶ ይቅር አለ? ያ ሰው የሰጠው የሌላውን ነው። ከሌላ ሰው ኪስ የወጣ ምጽዋት ምጽዋት እንደማይባል ሁሉ፣ በሌላ ሰው ቁስል ላይ የተባለ ይቅርታም ይቅርታ ለመባል ይከብደዋል።

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። ሁለት ሰዎች ሲበዳደሉ ሽማግሌ የሚቀመጠው እርቁን ለማቅለል አልነበረም። በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በተበዳዩ ፊት ይቀርባል፤ በደሉን በገዛ አፉ ይናገራል፤ ካሣው ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው። የኦሮሞ ወገኖቻችን የጉማ ሥርዓትም በደም ጉዳይ እንኳ ካሣን ከእርቅ አይለይም። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ ይማልዳሉ፣ ጥምጥማቸውን አውርደው ይማጸናሉ እንጂ በተበዳዩ ምትክ ይቅር አይሉም። ሥልጣኑ የእነርሱ አይደለማ!

በቤተ ክርስቲያናችን የምሥጢረ ንስሐ ትምህርትም ተነሳሒው የሚያደርጋቸው ነገሮች ጸጸት፣ ኑዛዜና ካሣ መሆናቸውን የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለልጆች ያስጠናሉ። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ያታለለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። ምሕረቱን በገንዘብ ሊገዛ አልነበረም፤ ምሕረቱ አስቀድሞ ወደ ቤቱ ገብቷል። መመለሱ የመለወጡ ፍሬ ነው። የስፖርት ቀጣፊ የሚፈተነውም በዚህ ነው። በቴሌቪዥን ፊት ማልቀስ ይቻላል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ እንባው የልብ ከሆነ ደግሞ ሽልማቱን ይዞ መቀመጥ አይቻልም።

«እንግዲያስ ለተመልካቹ ይቅር የሚለው ነገር አልቀረለትምን?» የሚል ይኖራል። ቀርቶለታል እንጂ። ተመልካቹም ተበድሏል። ደስታው ተሰርቆበታል፤ እምነቱም ተሰብሮበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሲያሸንፍ «ይኼስ?» እያለ እንዲጠራጠር ተደርጓል። ይህ ትንሽ በደል አይደለም። በ2016 በሪዮ አልማዝ አያና 10 ሺህ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከ45 መቶኛ ሰከንድ ገብታ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን የዋንግ ጁንሽያን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ ስታሻሽል፣ የዓለም ጋዜጠኞች በመጀመሪያ ያቀረቡላት ነገር እንኳን ደስ ያለሽ ሳይሆን የጥርጣሬ ጥያቄ ነበር። አልማዝም ኃይሏ ልምምዷና ኢየሱስ እንደ ሆነ መለሰች። ምንም ያልተገኘባትን ልጅ እንዲህ ባለ ቀን በጥርጣሬ ያስከሰሳት ማን ነው? ቀደም ሲል ያታለሉት ናቸው። የቀጣፊው ዕዳ ከኋላው በገባው ሰው ብቻ አያበቃም፤ ገና ለሚወለደው ሯጭ ይተርፋል።

ይህ የተመልካቹ ቁስል የተመልካቹ ነው፤ ይቅር ሊለውም ይችላል፣ እንደ ክርስቲያንም ግዴታው ነው ብለን እናምናለን። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ስፖርትን ለይቶ አላስቀረም። ነገር ግን ይህ ይቅርታ ምን ምን እንደሚያካትትና ምን ምን እንደማያካትት ማወቅ ይገባል። ግንቦት 13 ቀን 1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የተተኮሰባቸው ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ፣ የተኮሰባቸውን መሐመድ አሊ አግጃን ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ ይቅር ማለታቸውን ተናግረዋል፤ በታኅሣሥ 1983ም ወደ ሬቢቢያ ወኅኒ ቤት ሄደው እጁን ይዘው አነጋግረውታል። አግጃ ግን በዚያ ቀን ከወኅኒ አልወጣም። የጣሊያን መንግሥት ምሕረት አድርጎለት ከአገሪቱ የወጣው በ2000 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይቅርታውም እውነት ነበር፣ ቁልፉም እውነት ነበር።

እንዲሁም ለአንድ ሯጭ ከልብ ይቅር ብሎ፣ ሜዳሊያው ግን ይመለስ፣ ቅጣቱንም ይፈጽም ማለት እርስ በርሱ አይጋጭም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እንደ ሕጉ ያልታገለ የድሉን አክሊል እንደማያገኝ በምሳሌ አስተምሮታል። አክሊሉ የይቅርታ ስጦታ ሳይሆን የእውነት ምስክር ነው። «ይህች ሴት ከሁሉ ቀድማ ገብታለች» ብሎ የሚናገር ምስክር ሐሰት ከሆነ በምሕረት እውነት ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው በተከለከለው ነገር የተያዙት ሁሉ አንድ ዓይነት በደለኞች መሆን አለመሆናቸው ነው። የስፖርቱ ሕግ በሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ ይላል፤ ማወቅህና አለማወቅህ ቅጣቱን ያቀልልህ ይሆናል እንጂ ውጤትህን አያድንልህም። ይህ ለውድድሩ ፍትሕ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። የሕሊና ሚዛን ግን ሌላ ነው። ኃጢአት ለሞት የሚያበቃ የሚሆነው ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ ሙሉ ዕውቀትና ሙሉ ፈቃድ ሲኖርበት እንደ ሆነ እናስተምራለን። ለምሳሌ ሜልዶኒየም የተባለው የልብ መድኃኒት የተከለከለው ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ነው። ለስዊድን የምትሮጠው ትውልደ ኢትዮጵያዊት አበባ አረጋዊ፣ የ2013 የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ይኸው ተገኝቶባት ታገደች፤ ከወራት በኋላ ግን የተገኘው መጠን አነስተኛ በመሆኑ እገዳው ተነሣላት። በመካከሉ ስንት ሰው ፈርዶባት እንደ ነበር እናስብ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ደግሞም ከገጠር የመጣ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ልጅ አለ። ጉልበቱን አሞት ወደ አንድ «ሐኪም ነኝ» ባይ ይሄዳል፤ መርፌ ይወጋል፤ ቪታሚን ነው ይባላል፤ ይከፍላል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሊያነብ አይችልም፤ ቢያነብም አይገባውም። ይህ ልጅ ተጠያቂነት የለበትም አንልም፤ ግማሹን ጠርጥሮ ግማሹን ሊያውቅ ያልፈለገ ብዙ ነውና። ቢሆንም የእርሱን ጥፋት፣ ሐኪሞችና ጠበቆች በዙሪያው አሰልፎ ለዓመታት በዕቅድ ካታለለው ከባለ ሚሊዮኑ ብስክሌተኛ ጥፋት ጋር በአንድ ገመድ ማሰር ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን በድለናል ወዳልነው እንለፍ። በመጋቢት 2016 የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን አምስት አገሮችን በምርመራ ሥርዓታቸው ደካማነት ለይቶ ሲያስጠነቅቅ ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር የእኛም ስም ተጠርቷል። በአገራችን የፀረ አበረታች ቅመሞች መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. (ይህ አንድ በእኛ አቆጣጠር ነው) የጸናው የወንጀል ሕጋችን ስለዚህ ድርጊት የሚናገር አንቀጽ አስቀድሞ ነበረው፤ በ2017ም አንድ የማራቶን ሯጭ 3 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ከዚያም ወዲህ በኦሎምፒክና በዓለም ሻምፒዮና አገራቸውን የወከሉ ሯጮች ሳይቀሩ ተቀጥተዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚፈትነው ግን የኤልቫን አቤይለገሰ ታሪክ ነው። በአዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ በወጣትነቷ ወደ ቱርክ ሄዳ ዜግነትና ስም የለወጠች ናት። በ2004 በበርገን በ5 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። በ2008 በቤይጂንግ ኦሎምፒክ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ከጥሩነሽ ዲባባ ቀጥላ ሁለት የብር ሜዳሊያዎችን ወሰደች፤ በ5 ሺህው መሠረት ደፋር 3ኛ ሆነች። ከዓመታት በኋላ በ2007 በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና የሰጠችው ናሙና እንደ ገና ሲመረመር ስታኖዞሎል ተገኘበት፤ በ2017 ከነሐሴ 2007 እስከ ነሐሴ 2009 ያስመዘገበችው ሁሉ ተሰረዘ። የቤይጂንጉ ብርም ለመሠረት ሆነ። እንግዲህ በዳይዋም ተበዳይዋም ከአንድ አገር የበቀሉ ናቸው። በእንዲህ ያለው ጊዜ የአንደኛዋን ስም ሲሰማ «እርሷማ የቱርክ ናት» የሚል፣ ባሸነፈች ቀን ግን «ደሟ የእኛ ነው» ብሎ የነበረ ሰው አይጠፋም።

የተመልካቹ ሚዛን እዚህ ላይ ይታያል። የጎረቤት አገር ሯጭ ሲያዝ «ድሮስ መች ጠፍቶን!» ብለን እንስቃለን፤ የእኛ ሲያዝ «ቀንተውብን ነው» እንላለን። የጎረቤቱ ጥፋት ባሕርዩ፣ የእኛ ጥፋት ስሕተት ይሆናል። እንዲህ ያለው ተመልካች ይቅር አለ ሲባል ይቅርታው የምሕረት ሳይሆን የወገንተኝነት ነው፤ ቁጣውም የፍትሕ ሳይሆን የኩራት ነው። በሰኔ 2018 በቫቲካን የምእመናን፣ የቤተሰብና የሕይወት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ስለ ስፖርት ያወጣው ሰነድ አበረታች ቅመምንና ሙስናን ከስፖርት ፈተናዎች መካከል ሲቆጥር፣ ተመልካቾችንም በዚያው ተርታ ማስገባቱ ትክክል ነው ብለን እናስባለን። ወርቅ ይዞ ያልመጣን ልጅ በአውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበለው ሰው ስንት ነው? 4ኛ የወጣችውንስ በስሟ የሚያስታውሳት ማን ነው? ሻጩ መርፌውን ይዞ የሚጠብቀው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። ይህን ስንል ጥፋቱን ከአጥፊው ላይ አንሥተን በሕዝብ ላይ ለመጫን አይደለም። ተመልካቹ ይቅር ባይ ብቻ ሆኖ በወንበር ላይ ሊቀመጥ እንደማይችል ለማሳየት ያህል ነው።

«የተያዘ ሁሉ ለዘላለም ይታገድ» የሚሉ አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ንጹሓን ሯጮች በመሆናቸው ቃላቸው ሊከበር ይገባዋል። አንድ ጠንካራ ምክንያትም አላቸው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት በአይጦች ላይ እንደ ታየው፣ ጡንቻን የሚያጎለብተው ሆርሞን ከተቋረጠ ከወራት በኋላም ጡንቻው ያገኘውን ጥቅም ይዞ ይቆያል። በሰውም እንዲሁ ከሆነ ቅጣቱን ጨርሶ የተመለሰው ሯጭ ከንጹሑ ጋር እኩል አይነሣም ማለት ነው። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ሐሳብ አይደለም። ስለዚህ በእኛ በኩል ዘመኑ ይርዘም የሚለውን እንቀበላለን። ዕድሜ ልክ የሚለውን ግን ለተደጋጋሚውና ለሌላው መርፌ ላቀበለው ብናስቀረው እንመርጣለን፤ በ19 ዓመቱ የወደቀን ልጅ በ40 ዓመቱም ያው ነህ ማለት ንስሐ የለም ከማለት አይርቅምና።

የዚህን አስከፊነት ማርኮ ፓንታኒ ያሳየናል። በ1998 የጣሊያንንና የፈረንሳይን ታላላቅ የብስክሌት ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈ፣ በአገሩ እንደ ቅዱስ የተወደደ ሰው ነበር። በሰኔ 1999 በማዶና ዲ ካምፒሊዮ የደሙ መጠን ከተፈቀደው ከ50 በመቶ በልጦ በመገኘቱ ከውድድሩ ተባረረ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ትላንት ስሙን በመንገድ ላይ በኖራ ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩበት። የካቲት 14 ቀን 2004 በሪሚኒ በአንድ ሆቴል ክፍል ብቻውን ሞቶ ተገኘ፤ ገና 34 ዓመቱ ነበር፤ የገደለው ኮኬይን ነው። በቀብሩ ቀን ያ ሁሉ ሕዝብ ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስና ነገሩን በቁምስናችን ልክ እንየው። ቅጣቱን ጨርሶ የመጣ ሯጭ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወጣቶች ማኅበር በር ላይ ቢቆም ምን ይደረግ? በእገዳው ዘመን ሳለ ቢመጣ ኖሮ በፌዴሬሽን ሥር በሚደረግ ውድድር በአሠልጣኝነትም ሆነ በሌላ ሥራ ሊሳተፍ ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር፤ ያን ጊዜም ቢሆን ጸሎቱና ማዕዱ ግን አልተከለከለበትም። አሁን ጊዜውን ፈጽሟል። ይግባ። ከልጆቹ ጋር ይሩጥ፤ የቀድሞውን ነገር እያነሣ የሚያሳቅቀው አይኑር። የሚያሠለጥን ከሆነ ግን አስቀድሞ ልጆቹና ወላጆቻቸው ታሪኩን ከራሱ አፍ ይስሙ፤ ከበሬታውም ያልተሰረዘውን ድል እንጂ የተሰረዘውን እየጠቀሰ አይሁን። ሽልማት ተቀብሎ ከሆነ፣ ከኋላው የገባው ሰው ማን እንደ ነበረ ስሙን ያውቃልን? ጽፎለትስ ያውቃልን? ሙሉውን መመለስ ባይችል ከፍሎ ከፍሎ ጀምሯልን?

ሌላም የምንጠይቀው አለ። በዓለም አቀፉ ሕግ አንድ አትሌት ያቀበሉትን ሰዎች ቢያጋልጥ ቅጣቱ ሊቀነስለት ይችላል። ይህ ልጅ ቅጣቱን ጨርሷልና የሚቀነስለት የለም፤ ቢናገር የሚያገኘው ነገር የለም፤ ጠላት ከማፍራት በቀር። በር ላይ የቆመው ልጅ እጁን ጨብጠን ካስገባነውና ከተቀመጠ በኋላ፣ ቡናው ከቀረበለት በኋላ፣ ቀስ ብለን የምንጠይቀው ይህን ነው፤ መርፌውን የወጋህ ማን ነው? ዛሬስ ማንን እየወጋ ነው?